የኋላ ጎማ ለሚይዝባችሁ፦ ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ? (ጥቆማ)

ትናንት አንዱ ወንድማችን «አሮጌ ሞተር አለኝ፣ የኋላ ጎማው እየያዘ አስቸገረኝ፣ ደሴ ላይ ማንን ላሳይ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። አብሽር ወንድሜ፣ እኔም ክረምቱን ሙሉ በዚሁ ስንገላታ ነው የከረምኩት።

የኔዋ የድሮዋ ያማሃ ዲቲ 125 ናት። ከኋላ ዲስክ የላትም፣ ታምቡር ናት፤ ፍሬኑ ጎማው መሃል ያለ ክብ ብረት ውስጥ ነው። ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ስገባ ታምቡሩ ላይ ውሃ ጠብ ሳደርግ ጭስ ብሎ ይጠፋል። ቁልቁለት ነው ይግላል ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ ግን ሜዳ ላይ፣ ፍሬን ሳልነካ ነድቼም ያው ሆነ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ (ስም አልጠራም) ገና ሞተሯን ሳይነኩ «ሸራ ነው» አሉኝ፣ ታምቡሩን ከውስጥ ገፍቶ የሚይዘውን ማለታቸው ነው። ሸራ ተቀየረ፣ እግረ መንገዱን ኩሽኔታም (ጎማው የሚዞርበት ባለ ጥይት ቀለበት) ተቀየረ። ጭራሽ ጎማው በእጅ አልዞር አለ።

ከዚያ ፒያሳ አካባቢ መንገድ ዳር የሚሠሩ አንድ ጋሼ ጋ ወሰድኳት። የለስላሳ ሳጥን ከሆዷ ስር ደገፉና ማርሽ አወጡ። ጎማውን አዞሩት፣ ያዘ። የፍሬኑን ማስተካከያ አላልተው አዞሩት፣ ያዘ። ካቴናውን አወረዱ፣ አሁንም ያዘ። የፔርኖውን (ጎማው መሃል የሚያልፈውን ዘንግ) ዳዶ ትንሽ ሲያላሉት ግን ጎማው ዝም ብሎ ዞረ። «ቡሹ የታለ?» አሉኝ። ቡሽ የሚሉት በሁለቱ ኩሽኔታዎች መሃል የምትገባዋን አጭር ቱቦ ነው። እሷ ከሌለች ፔርኖው በጠበቀ ቁጥር ኩሽኔታዎቹ ከጎን ይጨፈለቃሉ። አዲስ ኩሽኔታ ቢገባም ለውጥ የለውም።

የመጀመሪያው በሽታ፣ መጋሉ ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሸራዎቹን ገፍቶ የሚከፍተው ዘንግ በጭቃና በዝገት ደርቋል፣ ፔዳሉን ስለቅ አይመለስም። አውጥተው በካርታ ቬትራ አሹት፣ ግራሶ ለስሙ ያህል ቀቡት። በዛ ካለ ሲግል ሸራው ላይ ይወርዳል። አቧራውንም እፍ ልል ስል ከለከሉኝ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ (ሳንባ የሚጎዳ ቃጫ) ሊኖረው ይችላል።

እንግዲህ ለቼክና ለፈታ ገጥም ሥራ ደሴ፣ መንገድ ዳር ያሉት ይሻሉኛል። ዓይናችሁ እያየ ነው የሚፈቱት። ለቶርኖ (ብረት በማሽን እያዞሩ ለመቁረጥ) ግን ኮምቦልቻ ውረዱ። የፋብሪካ ከተማ ናት፣ ቶርኖ የለመደ እጅ አለ። እኔ ቡሿን እዚያ ነው ያስቆረጥኳት። ርዝመቷ ካጠረች እንደሌለች ቁጠሩት፣ ስለዚህ ኩሽኔታዎቹ የሚገቡበትን ቸርኬ ራሱን ይዛችሁ ሂዱ እንጂ በወሬ አታሠሩ። ታምቡር ለማስላጥም እንደዚሁ፣ ግን ብዙ የጃፓን ሞተር ላይ የመጨረሻው ልክ ውስጡ ተጽፏል፣ እሱን ሳታዩ እንዳይነካ።

ዕቃ ስትገዙ ኩሽኔታን በስም ሳይሆን በላዩ በተጻፈው ቁጥር ጠይቁ። 6202 ቀዳዳው 15 ሚሊ ነው፣ 6203 ደግሞ 17። በሁለቱም ጎን ጎማ ክዳን ያለውን ውሰዱ፣ የኛ ጭቃ ሌላውን አያኖረውም። ሸራ ርካሹን ሞክሬ ነበር፣ ወፍራም ሆኖ ታምቡሩ አልገባ ብሎ ተሞረደ። ያገለገለ ኦሪጅናል ከተገኘ እሱን እመርጣለሁ። ሞላዎቹን ግን አሮጌ አትመልሱ፣ ከላሉ ሸራው አይመለስም።

ሲገጠምም አጠገቡ ቁሙ። የፔርኖው ዳዶ ሲጠብቅ ፍሬኑን ረግጣችሁ ያዙ፣ ሸራው መሃል ይቀመጣል። ፔዳሉ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ባዶ ይሂድ። ካቴናውን ሰው ተቀምጦበት እዩት፣ ብቻዋን ስትቆም ልክ የመሰለው ሁለት ሰው ሲጫን ክር ይሆናል፣ እሱም ጎማ ይይዛል።

ተጨማሪ፦ ሸራ የቀየሩልኝ ጋ ተመልሼ ነበር። የድሮዋ ቡሽ ከዛገ ዳዶ ጋር ቆርቆሮ ውስጥ ተኝታለች! ይቅርታ እንኳ የለም፣ «ትርፍ መስሎን ነው» አሉኝ። ስለዚህ አሁን ሁለት አለኝ። ዲቲ ያለውና ልኩ የሚገጥምለት ሰው ካለ ይንገረኝ፣ በነፃ ይውሰዳት።