ክርክር፦ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ፋይዳ ማተም ይከልከሉ?

የመጋላው፦ ድሬዎች፣ በዚህ ጉዳይ እንከራከር። ሰው የፋይዳ መታወቂያውን በቴሌግራም ለፎቶ ኮፒ ቤት ይልካል፣ በፕላስቲክ ካርድ ታትሞለት ይሄዳል። ፋይሉ ግን እዚያው ይቀራል። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፎቶ፣ አድራሻ፣ ስልክ ቁጥር፣ ሁሉም እላዩ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ከተሰበሰበበት ዓላማ ውጭ እንዳይውል፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይም እንዳይቀመጥ ይላል። በቴሌብር አዝዞ ከኢትዮ ቴሌኮም ካርድ መውሰድ እየተቻለ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሥራ ለምን አይከለከልም?

ሳቢያን፦ አቦ፣ ክልከላው ማንን እንደሚጎዳ እይ እንጂ! ስማርት ስልክ የሌላቸው እናቶች፣ ከገጠር ቀበሌ ለገበያ የሚገቡ ሰዎች ቴሌብር ላይ ገብተው ያዝዛሉ? ባንክ ሒሳብ ልክፈት ሲሉ ፋይዳ አምጡ ይባላሉ። ብዙ አዛውንት የተመዘገቡት በልጃቸው ስልክ ነው፤ መታወቂያውን ለማውጣት በስልክ የሚላከው የማረጋገጫ ኮድ የሚደርሰው አዲስ አበባ ላለው ልጅ ነው። የተመዘገበው ስልክ ቁጥር ከጠፋ ደግሞ ምዝገባ ጣቢያ ሄዶ ማስቀየር ግድ ነው። እነዚህን ሰዎች ቁጭ ብሎ የሚያስተናግዳቸው የሰፈሩ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው።

ከዚራ ፕሪንት፦ ችግሩ ማተሙ ሳይሆን ፋይሉ መቅረቱ ነው። በኮምፒውተር ቴሌግራም የወረደ ፋይል ዳውንሎድ ውስጥ "ቴሌግራም ዴስክቶፕ" የሚባል ፎልደር ላይ ይቀመጣል። ደንበኛው ቻቱን ለሁለቱም ወገን ቢያጠፋ እንኳ የወረደው አይነካም። ባለሱቁ ዲሊት ቢለው ሪሳይክል ቢን ውስጥ ይገባል። ካርዱን በፎቶሾፕ የሚሠራ ደግሞ ሥራውን በደንበኛው ስም ሴቭ ያደርገዋል። እንዲህ እያለ የአንድ ሰው መታወቂያ ሦስት ቦታ ይቀራል። ከሁሉ የከፋው ቦት ነው። ስክሪንሾት ተቀብሎ ካርድ አዘጋጅቶ የሚመልስ የቴሌግራም ቦት ባለቤቱ ማን እንደሆነ አታውቅም፤ የላክኸው ሁሉ ግን እሱ እጅ ይገባል።

የጥራቱም ነገር አለ። ስክሪንሾት እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ጥራቱን ይቀንሰዋል፤ 8.56 በ5.4 ሴንቲሜትር ካርድ ላይ ሲታተም ኪውአሩ (በስልክ ስካን የሚደረገው ካሬ ኮድ) ይደበዝዛል፣ ስልክ አያነበውም። ስሙን እንደገና የሚተይቡም አሉ። አንዲት ፊደል ከተሳተች ካርዱ ላይ የተጻፈውና ኪውአሩ የሚያወጣው አይገጥምም፤ ሰውየው ከባንክ ባዶ እጁን ይመለሳል።

የመጋላው፦ ታዲያ የዘረዘርከው ሁሉ እኔን ነው የሚደግፈው!

ጁገል፦ ከሐረር ልግባበት። የማረጋገጫ ኮዱን ረሳችሁት። ሰው ስልኩን ለባለሱቁ ሰጥቶ "አንተው እየው" ይላል። ባለ16 አሃዙን ፋን (የፋይዳ ተለዋጭ ቁጥር) ከኮዱ ጋር ያገኘ ሰው እናንተን መስሎ ማንነት ሊያረጋግጥ ይችላል። ባለ12 አሃዙ ፊን (ዋናው የፋይዳ ቁጥር) ደግሞ ቋሚ ነው፣ በየሱቁ አይነገርም፤ ለአገልግሎት የሚሰጠው ፋን ነው። ይህን የሚያስረዳቸው ሳይኖር ሱቅ ብትዘጉ ሰዎቹ ኮዳቸውን ለጎረቤት ልጅ ይሰጣሉ።

ሳቢያን፦ ልክ ነህ! ደግሞስ ኮፒ የሚያበዛው ማነው? ኪውአሩን ስካን አድርጎ ማረጋገጥ እየቻለ "ኮፒ አያይዝ" የሚለው መሥሪያ ቤት ነው። የተከመረው ኮፒ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አይጠይቅም። ክልከላው ከዚያ ይጀምር።

ከዚራ ፕሪንት፦ በእኔ እምነት ማተሙ ይቀጥል፣ ግን በደንብ። ፋይሉ በዩኤስቢ ገመድ ከስልኩ ይከፈት፣ ሴቭ ሳይደረግ ይታተም። ቴሌግራም ግድ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ ሲያልቅ ደንበኛው እያየ ሺፍት ተይዞ ዲሊት ይደረግ። ኮዱን ደንበኛው ራሱ ያስገባ፤ ማንበብ የማይችል የሚያምነውን ሰው ይዞ ይምጣ። የተበላሸ ካርድ ኪውአሩ መሐል ላይ ተቆርጦ ይጣል። ከመውጣቱ በፊት ኪውአሩ በሌላ ስልክ ይሞከር።

የመጋላው፦ ጥሩ ብለሃል፣ ግን ማን ይቆጣጠራል? ንግድ ፈቃድ የሚያድስ ሰው የሱቅ ኮምፒውተር ከፍቶ አያይም። አዋጁ የመረጃ ጥሰት ሲደርስ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይነገር ይላል። የደንበኞችን ፋይል የያዘ ፍላሽ የጠፋበት ባለሱቅ በውስጡ የእነማን መታወቂያ እንደነበረ ሳያውቅ ምኑን ነው የሚያሳውቀው?

ሳቢያን፦ ለዚያ እኮ ነው ሴቭ አያድርግ የምንለው። ካላስቀመጠ የሚጠፋበት የለም። ፈቃድ ሲታደስ ይህን ፈርሞ በሩ ላይ ይለጥፍ፤ ደንበኛውም አንብቦ "አጥፋልኝ" ይበል።

የመጋላው፦ ማንበብ የማይችሉት እናትስ?