አባባ እየደከመ ነው፣ ውሻው ሌሊቱን ሙሉ ያላዝናል፤ ምን ላድርግ?

የሆጤዋ ልጅ፦ ደሴ ሆጤ ነን። እባካችሁ የነቃ ሰው ካለ ቶሎ ይመልስልኝ። አባባን ሐኪሞቹ «ከዚህ በኋላ ቤቱ ይረፍ» ብለው ከሸኙን ስድስተኛ ቀናችን ነው። ለሕመሙ የሚሰጠው መድኃኒት አለን፤ የምጠይቀው ስለ መድኃኒት አይደለም። ከትናንት ጀምሮ እህል አልፈልግም ብሏል። አክስቶቼ «በረሃብ ልንገድለው ነው ወይ» እያሉ አጥሚት በማንኪያ ያስገድዱታል። ማታ ትን ብሎት በጣም ደነገጥን። ነብሮ ደግሞ ከአልጋው ሥር አልወጣም ስላለ ጓሮ አሰርነው። ከዚያ ወዲህ ማላዘኑን አላቆመም። ጎረቤቶች ሟርት ነው አሉ። አጎቴ ሲነጋ በመኪና ወስዶ ሐረጎ ሊጥለው ነው። አሁን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኗል። አባባ ነቅቶ «ነብሮ የት አለ?» ይለኛል። ምን ልበለው?

ሰኞ ገበያ፦ እግዚአብሔር ይርዳችሁ። ውሻውን ለዘመድ ስጡት። ኮምቦልቻ ወይ ሐይቅ ሰፊ ግቢ ያለው ሰው አይጠፋም። መጣል ግን ነውር ነው።

የጦሳ ሥር፦ ነብሮ ውሻው ነው አይደል? መጀመሪያ ይህን ንገሪኝ። ክትባት ወስዷል? ሳይታሰር በፊትስ ድምፁ ተቀይሮ ነበር? ውኃ ይጠጣል? ምራቁ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ሳይነኩት የሚናከስ ከሆነ ማንም አይጠጋው። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። የተነከሰ ካለ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ይጠብና ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂድ። ይህ ሁሉ ከሌለ ግን ጌታው የናፈቀው ውሻ ነው።

የሆጤዋ ልጅ፦ አዎ ውሻው ነው፣ ይቅርታ። ዘንድሮ ተከትቧል። ውኃም ይጠጣል። ያላዘነው ከታሰረ በኋላ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ኖረዋል። እማማ ካረፈች ወዲህ አባባ ሱቅ ሲሄድም ሲመለስም አብሮት ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። በውጭው ዓለም ለሚሞት ሰው የሚደረገው እንክብካቤ የዛሬውን መልክ የያዘው ሲሲሊ ሳንደርስ የተባሉ እንግሊዛዊት በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ሲከፍቱ ነው። መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ፣ ኋላም ሐኪም ነበሩ። የሚሞት ሰው ሕመም የሥጋ ብቻ አይደለም፤ የሐሳብ፣ የቤተሰብና የመንፈስም ነው ብለው አስተማሩ። ዛሬ ደግሞ ሕክምና የማይሰጡ፣ ከሚሞተው ሰው አጠገብ ተቀምጠው ቤተሰቡን የሚያግዙ ሰዎች አሉ። «ዱላ» ይባላሉ። ቃሉ የግሪክ ነው፤ አገልጋይ ሴት ማለት ነው።

ቧንቧ ውሃ፦ መምህር፣ በዚህ ሌሊት የሚሞት ሰው አጠገብ ዱላ ይቀመጣል ሲሉ ክው ነው ያልኩት! ቃሉ እኮ እኛም አለን፤ አስታማሚ እንላለን። ደግሞ ወሎ ውስጥ ቅሬ የምንለው እድር አለ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ለዚህ ለዚህ ከውጭ መማር አያስፈልገንም።

አስታማሚ ነበርኩ፦ ወንድሜ፣ ቅሬ የሚደርሰው ሰው ካረፈ በኋላ ነው። ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛ ያበላል፣ ይቀብራል። እግዜር ይስጠው። ዛሬ ሌሊት ለዚች ልጅ አባት ግን ቅሬ አይመጣም። እኔ እናቴን ስምንት ወር አስታምሜያለሁ፤ የከበደኝ ከቀብሩ በፊት ያለው ነው።

እህቴ፣ ማንኪያውን አስቀምጡት። አባትሽ የሚደክሙት ስላልበሉ አይደለም። ሰውነታቸው ስለደከመ ነው እህል ያልፈለጉት። በግድ የተሰጠ አጥሚት ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ከጠየቁ ጥቂት ቅመሻቸው። ካልጠየቁ ንጹሕ ጨርቅ ውኃ ነክረሽ አፋቸውንና ከንፈራቸውን አርጥቢ። አክስቶችሽን ግን ዝም ብለሽ አትከልክያቸው፤ ሥራ ስጫቸው። እጃቸው ባዶ ሲሆን ነው ማንኪያ የሚያነሱት። አንዷ እጃቸውን ይዛ ትቀመጥ፣ አንዷ ዳዊት ትድገም።

«ነብሮ የት አለ?» ላሉት እውነቱን ንገሪያቸው። «ጓሮ አስረነው ነው አባባ፤ ላምጣልህ?» በያቸው። እኔ ለእናቴ «ነገ ትድኛለሽ» እያልኩ ስምንት ወር ዋሸኋት። እሷ ታውቀው ነበር። ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለጎረቤታችን ነገረቻት፤ ለእኔ አንድም አልነገረችኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። «ልሞት ነው ወይ?» ካሉሽ አትሽሺ። «ምን ይሰማሃል? ምን ያሳስብሃል?» በይና አድምጪ። ብዙ ጊዜ የሰው ብድር ነው፣ ወይ የተኳረፉት ሰው፣ ወይ ይኸው የነብሮ ጉዳይ።

ክርስቲያን ከሆናችሁ ሲነጋ ነፍስ አባታቸውን ጥሩ። ሥጋ ወደሙ ለመቀበል መዋጥ ይፈልጋልና ነገ ከነገ ወዲያ አትበሉ። መናገር ቢያቅታቸውም ይሰማሉ ብላችሁ አስቡ። የቀብር ወጪ አልጋው አጠገብ አይወራ።

የበርበሬ ወንዝ ጎረቤት፦ አብሽሪ እህቴ። እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። እኛም ዘንድ ከሚያጣጥር ሰው አጠገብ ያለ ሰው ሸሃዳውን ቀስ ብሎ ያስታውሰዋል እንጂ እየደጋገመ አያስጨንቀውም። ስለ ውሻው ለአጎትሽ ይህን ንገሪልኝ። ለተጠማ ውሻ ውኃ ያጠጣ ሰው ምሕረት እንዳገኘ እኛ በሐዲስ እናውቃለን። የአልዓዛርን ቁስል የላሱት ውሾች እንደሆኑ እናንተም በወንጌል ታነባላችሁ። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀ ውሻ ሐረጎ ላይ ለጅብ አይሰጥም።

ቤት መግባቱ ከከበዳችሁ አልጋውን ወደ በሩ አስጠጉና ነብሮ ደጃፉ ላይ ይተኛ። ዋናው መተያየታቸው ነው። ግን አንድ ነገር ከአሁኑ አስቡበት። ድንኳን ሲተከል ግቢው በሰው ይሞላል። ጨዋ ውሻም ያን ጊዜ ይደነብራል፤ ለቀስተኛ ሊነክስ ይችላል። የሚያውቀው አንድ ሰው ይመደብለትና እስከ ሳልስት ሌላ ግቢ ይቆይ። ያልታጠበ የአባትሽ ጋቢ አብሮት ይሂድ። በለመደው ሰዓት ይብላ። አንድ ሁለት ቀን እህል ሊተው ይችላል፤ ከዚያ ካለፈ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት።

ሰኞ ገበያ፦ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ለዘመድ ስጡት።

የጦሳ ሥር፦ አሁን አይደለም እኮ! ሰውየው ገና «የት አለ?» እያሉ ነው። ከዚያ በኋላ ይታሰብበታል።

የሆጤዋ ልጅ፦ ፈታሁት። ደጃፉ ላይ አስቆመዋለሁ ብዬ ነበር፤ ቀጥ ብሎ ገብቶ አልጋው ሥር ተኛ። አባባ እጁን አወረደለት። ትልቋ አክስቴ አየችው፣ አላባረረችውም። ማንኪያውን አስቀምጣ ዳዊቷን አውጥታለች። ማላዘኑ ቆመ። ቤቱ እንዲህ ጸጥ ሲል ከስድስት ቀን በኋላ ገና ዛሬ ነው። አጎቴ ግን ተኝቷል፤ ምንም አያውቅም። ሲነጋ እጽፍላችኋለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦ አንቺስ እህል ቀምሰሻል ልጄ? አንድ ሰዓት እንኳ ጋደም በይ፣ አክስትሽ ትተካሽ። የረዘመ ነገር ስለጻፍኩ ይቅርታ። ባለቤቴ ስታርፍ አጠገቧ አልነበርኩም፤ ሻይ ላፍላ ብዬ ወጥቼ ነበር። ድንገት እንዲህ ቢሆንብሽ ራስሽን አትክሰሺ።

ቧንቧ ውሃ፦ ስለ ቅሬ ያልሽው ልክ ነው፣ አስታማሚ ነበርኩ። ነገ ለቅሬያችን ዳኛ አነሳዋለሁ። በየቤቱ የተኙ ሰዎችን ተራ ገብተን ብንጠብቅ ምን ይከብደናል?

አስታማሚ ነበርኩ፦ የሆጤዋ፣ እንዴት አደራችሁ?

የጦሳ ሥር፦ ሁለት ቀን ሆነ። ወሬያችሁን እየጠበቅን ነው። አጎትሽስ ምን አለ?

የበርበሬ ወንዝ ጎረቤት፦ ነገ ለሥራ ደሴ እወጣለሁ። ነብሮ ማረፊያ ካስፈለገው በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ግቢያችን አጥር አለው፣ ጥላም አለው። ጋቢውን እንዳትረሺ።