ጄኔራል ልሁን ስፔሻሊቲ? የዋሽንግተን ስቴት የኮንትራክተር ምዝገባ ግራ አጋብቶኛል

ሰላም ወገኖች፣ ሲያትል አካባቢ በኮንስትራክሽን የምትሠሩ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ተቀጥሬ ቀለም ስቀባና ድራይዎል (የጂፕሰም ግድግዳ) ስሠራ ቆይቼ አሁን የራሴን ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ከፍቻለሁ። የቀረኝ የኮንትራክተር ምዝገባው ነው። ያሰረኝ ቦንዱ፣ ማለትም ደንበኛ በእኔ ሥራ ቢጎዳ የሚከፈልበት ዋስትና ነው፤ ከጁላይ 2024 ወዲህ ለጄኔራል 30,000፣ ለስፔሻሊቲ (በአንድ ሙያ ብቻ ለሚሠራ) 15,000 ዶላር ሆኗል። ቀለም ብቻ ብሠራ ስፔሻሊቲው ይበቃኝ ነበር። ደንበኛ ግን መታጠቢያ ቤት አድስልኝ ሲል ታይልም፣ ድራይዎልም፣ ቀለምም አለበት፤ በአንድ ሥራ ላይ ከአንድ በላይ ሙያ ከገባ ደግሞ ጄኔራል ነው የሚባለው። ታይል ሠሪው ለብቻው ከደንበኛው ጋር ቢዋዋል፣ እኔ በስፔሻሊቲ መቀጠል እችላለሁ?

የቦንዱን ሙሉ ገንዘብ እንደማልከፍል፣ የሚከፈለው አረቦን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የክሬዲት ታሪኬ አጭር ስለሆነ የጠየቁኝ ዋጋ ያስደነግጣል። (ደግሞ እኮ ቦንድ እንደ ኢንሹራንስ አይደለም፤ ቦንድ ሰጪው ኩባንያ ለደንበኛ ከከፈለ ዞሮ የሚጠይቀው እኔኑ ነው!) በቦንድ ፈንታ ባንክ ገንዘብ አስይዞ የተመዘገበ አለ? ሥራውን ስትዘጉ ገንዘቡ እስኪለቀቅ ብዙ ቆየባችሁ?

ኢንሹራንሱ በ250,000 ዶላር ተሠርቶልኛል፤ ሆኖም ወኪሉ ሰርተፊኬቱ ላይ «ኤልኤልሲ» የሚለውን ትቶታል። ስሙ በቦንዱ፣ በኢንሹራንሱና በማመልከቻው ላይ አንድ ካልሆነ ይመለሳል ስለተባልኩ እስኪያስተካክል እየጠበቅሁ ነው። የኮንትራክተር ሥራ የለመደ፣ አማርኛ የሚናገር ወኪል የምታውቁ ብትጠቁሙኝ ውለታችሁ ነው። ሳልመዘገብ ማስታወቂያ እንኳ ማውጣት አልችልም።