ጓደኞቼ ጀምረዋል፣ እኔ አልወስድም፤ ግን ልተዋቸው አልፈልግም

ጥያቄ ከ፦ ሰማያዊ ደብተር

ሰላም ለሁላችሁ። 17 ዓመቴ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ የማንለያይ አምስት ሴቶች ነን። በቅርቡ ሁለቱ ክኒን መውሰድ ጀመሩ። መጀመሪያ ከቤት የተወሰደ የሕመም ማስታገሻ ነበር። አሁን ግን ወረቀት ውስጥ ተጠቅልሎ የሚመጣ ነገር ሆኗል፤ ከየት እንደሚያመጡት አይነግሩኝም። ሌላዋ ደግሞ ሐሺሽ ታጨሳለች።

እኔ አልወስድም። እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ አቋም አለኝ፤ ሱስ አንድ ቤት ሲገባ ምን እንደሚያደርግ በቅርብ አይቻለሁ። የቸገረኝ ሌላ ነው። “አልፈልግም” ስል “አታካብጂ” ይሉኛል። “ፋራ” ይሉኛል። ዝም ካልኩ ደግሞ የፈረድኩባቸው ይመስላቸዋል።

ከሁሉም የምቀርባት ልጅ ክኒን ከሚወስዱት አንዷ ናት። አሁን አሁን ክፍል ውስጥ ዴስኩ ላይ ተደፍታ ነው የምትውለው። ሥዕል ነፍሷ ነበር፤ የደብተሯ ጠርዝ ሁሉ በፊቶች የተሞላ ነበር። አሁን ባዶ ነው። ልተዋት አልፈልግም። ሰባኪ መሆንም አልፈልግም። እምቢ እንዴት ነው የሚባለው? እሷንስ መርዳት እችላለሁ?

መልስ ከ፦ ጎን ለጎን

እህቴ፣ ከወጣቶች ጋር የምሠራ አማካሪ ነኝ። ጥያቄሽ በጣም የሚገባኝ ነው።

መጀመሪያ ይሄን እወቂ። ብቻሽን አልወስድም ማለትሽ አንቺ ከምታስቢው በላይ ሥራ እየሠራ ነው። ሰለሞን አሽ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አንድ ሙከራ ሠርቶ ነበር። ለተሰበሰቡ ሰዎች መስመሮች ያሳያል፤ የትኛው ከየትኛው እኩል እንደሆነ ይጠይቃል። መልሱ ለማንም ግልጽ ነው። ከአንዱ ሰው በቀር ሌሎቹ ግን ከአሽ ጋር ተነጋግረው የገቡ ናቸው፤ ሆን ብለው አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ያ አንድ ሰው ዓይኑ እያየ፣ በአማካይ ከሦስት ጊዜ አንዴ ያህል ከእነሱ ጋር አብሮ ይሳሳት ነበር። አሁን ዋናውን ስሚ። ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን ሲናገር ስህተቱ ከቀድሞው ወደ ሩቡ ያህል ወረደ። አንድ ሰው ብቻ!

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አምስት ነን ብለሻል። ሁለቱ ክኒን፣ አንዷ ሐሺሽ፣ አንቺ ምንም። አምስተኛዋስ? ስለ እሷ አንድም ቃል አልጻፍሽም።

እምቢ ስለማለት፣ አጭር አድርጊው። “አይ፣ እኔ አልወስድም” ብለሽ ወደ ሌላ ወሬ እለፊ። ምክንያት በደረደርሽ ቁጥር ለክርክር በር ትከፍቻለሽ፤ ለእያንዳንዱ ምክንያት መልስ ያገኙለታል። “አታካብጂ” ሲሉሽ “አላካበድኩም፣ አልፈልግም” በቂ ነው። ድምፅሽ አይጨምር፣ ፊትሽም አይኮሳተር። ሙዱ ሲበላሽ ደግሞ ተነስተሽ ሂጂ። ከቤት ከሚያምንሽ ሰው ጋር አንድ ምልክት ተስማሚ፤ ያንን ቃል ስትልኪለት ደውሎ ይጥራሽ። ብዙ ልጆች በዚህ ከብዙ ነገር ወጥተዋል።

ለቅርብ ጓደኛሽ ግን በቡድን መካከል አትናገሪ። ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ላይ በሦስት የዕድሜ ክልል ያሉ ሰዎችን በኮምፒውተር መኪና አስነድተው ነበር። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉት ልጆች ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ ይበልጥ አደጋ ውስጥ ይገቡ ነበር፤ አዋቂዎቹን ግን የጓደኛ መኖር ብዙም አልቀየራቸውም። ጓደኛሽ በሌሎቹ ፊት ብትነግሪያት የምትመልሰው ለእነሱ እንጂ ለአንቺ አይደለም።

ብቻችሁን ሁኑ። ክኒኑን ባልወሰደችበት ሰዓት ይሁን። “ዕፅ ይገድላል” ብለሽ አትጀምሪ። በአሜሪካ ዴር የሚባል ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ፖሊሶችን ክፍል ድረስ እያስገባ ልጆችን አስተምሯል። በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ልጆቹን ከዕፅ በማራቅ በኩል እዚህ ግባ የሚባል ውጤት አልተገኘበትም። አንቺ ያየሽውን ንገሪያት። “ሥዕል ተውሽ እኮ፣ ምን ሆነሽ ነው?” በያት። ከዚያ ዝም በይ። እስክትናገር ጠብቂ፣ ዝምታው ቢረዝምም አትሙዪው።

መልስ ከ፦ የማታ ተረኛ

ነርስ ነኝ። ከላይ የተጻፈው ጥሩ ነው፤ እኔ ስለዚያ በወረቀት የተጠቀለለ ክኒን ልናገር። አሳሳቢው እሱ ነው።

ከማሸጊያው የወጣ ክኒን ውስጡ ምን እንዳለ የሰጠቻትም፣ የሸጠውም ላያውቅ ይችላል። በብዙ አገሮች እንደ ማስታገሻ ተመስለው በሚሠሩ ክኒኖች ውስጥ ፌንታኒል የሚባል እጅግ ኃይለኛ ማስታገሻ ተገኝቷል። ከእሱ 2 ሚሊግራም ብቻ ሰው ሊገድል ይችላል። እውነተኛ ማስታገሻ ቢሆንም፣ የኦፒዮይድ ዓይነት፣ ማለትም እንደ ሞርፊን ያለ ከሆነ ትንፋሽን ያዘገያል። አልኮል ወይም የእንቅልፍ ክኒን ሲጨመርበት ይብሳል።

ይሄን ግን በደንብ ያዢልኝ የኔ ልጅ። ቀስቅሰሻት ካልነቃች፣ ትንፋሿ ከዘገየ ወይም እንደ ማንኮራፋት ካለ፣ ከንፈሯ ወይም ጥፍሯ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከሆነ፣ የዓይኗ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ካነሰ፣ ያ ተራ እንቅልፍ አይደለም። “ተኝታ ይለቃታል” የሚለውን አትስሚ። ወዲያው የድንገተኛ እርዳታ ጥሪ አድርጊ። እየተነፈሰች ከሆነ በጎኗ አስተኚያት፤ ካስመለሳት እንዳያንቃት ነው። ውሃ አታጠጪያት። ለብቻዋ አትተያት። ናሎክሶን የሚባለው፣ የኦፒዮይድን ጉዳት የሚቀለብስ መድኃኒት ካለ ስጧት። የወሰደችውን ሳትደብቂ ለሐኪሙ ንገሪ፤ እኛ እዚያ ቆመን የምንፈልገው እሱን ብቻ ነው።

ሌላም አለ። በየቀኑ የምትወስድ ከሆነ “ዛሬውኑ አቁሚ” ብለሽ አታስምያት። አንዳንድ የማረጋጊያና የእንቅልፍ ክኒኖች በድንገት ሲቆሙ እንደ ሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣሉ። የኦፒዮይዶቹም ማቆም ብዙ ያሠቃያል። ሐኪም ዘንድ አብረሻት ሂጂ። ለጥቂት ጊዜ አቁማ የነበረች ልጅ ደግሞ የድሮውን መጠን ብትወስድ ሰውነቷ ስለማይችለው ልትሞት ትችላለች። ይሄን ብዙዎች አያውቁትም።

ለአንድ የምታምኑት አዋቂ ሰው ንገሪ። ይቆጡኝ ይሆናል ብለሽ ይህን ለብቻሽ አትሸከሚ።

መልስ ከ፦ ቀን ወጣ

እኔ በዚያ በኩል ነበርኩ። ክኒኑን የምወስደው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ከጓደኛሽ ቦታ ሆኜ ልንገርሽ።

አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ምክር አይሰጥም ነበር። አንድ ቀን ብቻ ቁጭ አድርጎ “ስትጦዝ አብሬህ አልቀመጥም። ደህና በሆንክ ሰዓት በማንኛውም ጊዜ ደውል፣ እመጣለሁ” አለኝ። ያለውንም አደረገ። ስጦዝ ተነስቶ ይሄዳል። ደህና ስሆን ስደውልለት ይመጣል፤ ኳስ እንጫወታለን፣ ስለ ምንም እናወራለን። ብር ስጠይቀው “ለምግብ ከሆነ አብረን እንሂድ” ይላል እንጂ በእጄ አያስጨብጠኝም። በጊዜው አናዶኛል። ሌሎቹ ሁሉ ወይ ይሰድቡኛል፣ ወይ አብረውኝ ይወስዳሉ። እሱ ብቻ ነበር ደህና የነበርኩባቸውን ሰዓታት ደስ የሚሉ ያደረጋቸው። ሕክምና ለመሄድ ስወስን የደወልኩት ለእሱ ነው።

ከአማካሪው ጋር ግን በአንድ ነገር አልስማማም። “ተነስተሽ ሂጂ” ማለት ብቻ አይበቃም። ክኒኑን በድብቅ መጠጥሽ ውስጥ ሊጨምሩ የሚሞክሩ፣ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢልን የሚሉ ከሆነ፣ ከቡድኑ ጨርሰሽ ውጪ። ጓደኛሽን ለብቻዋ ማግኘት ትችያለሽ፤ ለዚያ ቡድኑ አያስፈልግሽም።

ጥያቄ ከ፦ ሰማያዊ ደብተር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሲስተር፣ የጻፉትን ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ።

ስለ አምስተኛዋ ስትጠይቁኝ ደነገጥኩ። እሷ እኮ ዝምተኛ ናት፣ ስለዚህ ማንም አያያትም። እንደምትወስድ ነበር የማውቀው። ከመልሱ በኋላ ግን ልብ ብዬ አየኋት። ሲሰጧት ትቀበላለች፣ እጇን ወደ አፏ ትወስዳለች፣ ውሃ ትጠጣለች። ከዚያ እጇን ኪሷ ውስጥ ትከታለች። አልዋጠችውም! ለብቻችን ስንሆን ጠየቅኳት፤ አንድም ቀን ወስዳ አታውቅም። እኔም እንደምንቃት ነበር የምታስበው። አሁን ምን ላድርግ?

መልስ ከ፦ ጎን ለጎን

በጣም ጥሩ! ከእሷ ጀምሪ። በሚቀጥለው ጊዜ አጠገቧ ተቀመጪ። ክኒኑ ወደ እሷ ከመድረሱ በፊት አንቺ ቀድመሽ “እኔ አልወስድም” በይ፣ በተለመደው ድምፅ። ምናልባት እሷም “እኔም” ትላለች። ባትል ግድ የለም፣ አታስገድጃት። ከዚያ ሁለታችሁ ሆናችሁ ሠዓሊዋን አንድ ቀን ለብቻዋ ጥሯት። ሁለት ሆኖ መሄድ ማስጨነቅ እንዳይመስል፣ ወሬውን አንዳችሁ ብቻ ጀምሩት።

መልስ ከ፦ የማታ ተረኛ

ኪሷ ውስጥ ያጠራቀመቻቸውን ክኒኖች ግን ዛሬውኑ ታስወግድ። ታናናሾች ካሏት ሊያገኟቸው ይችላሉ። ፋርማሲ ወስዳ “እነዚህን ማስወገድ እፈልጋለሁ” ትበል።