ፒዲኤፍ ላይ ፍለጋው የሚታየውን የአማርኛ ቃል ለምን ይዘላል?

ጥያቄ፦ ረጅም የሥራ መመሪያ ነው፣ በፋየርፎክስ የተከፈተ። ኮንትሮልና ኤፍ ተጭኜ «ሰራተኛ» ብዬ ስፈልግ አንዳንዱን ገጽ ያገኛል፣ ሌላውን ይዘላል። ቃሉ ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ይታያል።

መልስ፦ አንዳንዱን ካገኘ ጽሑፉ ጤነኛ ነው። የፍለጋ ሳጥኑ የሚያወዳድረው ድምፅ ሳይሆን የፊደል ኮድ ነው። በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ሰ እና ሠ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ስለሆኑ «ሠራተኛ»ን አያውቀውም። አጠራጣሪውን ፊደል ትተህ «ራተኛ» ብለህ ፈልግ። በሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ በአ እና ዐ፣ በጸ እና ፀም ያው ነው።

መልስ፦ «ራተኛ»ም «ሠራተኞች»ን ያልፋል፤ ኛ ወደ ኞ ይቀየራላ። «ራተ» ይሻላል። «ትምህርት»ም «ትምህርቱ» ሲሆን መጨረሻው ስለሚለወጥ «ትምህር» ላይ አቁም። ሙሉ ቃል ብቻ የሚለው ምርጫ ከበራ አጥፋው፤ የ፣ በ፣ ለ የተለጠፈበትን ሁሉ ይጥላል። ሁለት ቃል አብረህ የምትፈልግ ከሆነ ደግሞ አሮጌ ጽሑፎች በክፍት ቦታ ፋንታ ሁለት ነጥብ (፡) ስለሚጠቀሙ በክፍት ቦታ የጻፍከው ላይገኝ ይችላል።

ጠያቂ፦ በ«ራተ» ወጣ፣ አመሰግናለሁ። መጨረሻ ላይ ያሉት አባሪዎች ግን ምንም አይሰጡም።

መልስ፦ አንድ መስመር በመዳፊት ለመምረጥ ሞክር። ካልተመረጠ ስካን የተደረገ ምስል ነው፤ ቴሰራክት የተባለውን ምስል ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራም ከአማርኛ የቋንቋ ፋይሉ ጋር አስኪድበት። ተመርጦ ኖትፓድ ላይ ሲለጠፍ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከሆነ ከዩኒኮድ በፊት በነበረ ፎንት ተጽፏል። ያንን የትኛውም የፍለጋ ምርጫ አያስተካክለውም፤ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት።