ተሸክመን እናውጣቸው ወይስ ቢሮው ይውረድ?

የቀበናው ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለክርክር የማቀርበው ጥያቄ ይሄ ነው። በመሀል አዲስ አበባ ያሉ የወረዳ ቢሮዎች ባለጉዳይ የሚስተናገድባቸውን መስኮቶች በሙሉ ወደ ግራውንድ ያውርዱ? ወይስ ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው ጉዳዩን በወኪል ይጨርስ፣ ካልሆነም ሠራተኛ ቤቱ ድረስ ይሂድለት?

ለምን እንዳነሳሁት ልንገራችሁ። እናቴ ስትሮክ ከመታት በኋላ ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም። ከቤት የምትወጣው በዊልቸር ነው። መታወቂያዋ ጊዜው አለፈበትና ለማሳደስ ሄድን። ፎቶና አሻራ ስላለ እኔ ልሂድልሽ ማለት አልቻልኩም። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም።

ጥበቃው ደግ ሰው ነው። ገና ሲያየን "ልጆች፣ ኑ እስቲ አግዙን!" አለ። አራት ወጣቶች ከየት መጡ ሳይባል መጡ። ዊልቸሩን በአራት በኩል ይዘው አነሱት። ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ወንበሩ ዘመም አለ። እናቴ በደህናው እጇ የደረጃውን ብረት ያዘች። "እማማ፣ ይልቀቁት፣ አይዞዎት፣ ይዘንዎታል" ይሏታል። አልለቀቀችም። እኔ መውደቅን የፈራች መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው ያየሁት። ነጠላዋ ወድቋል፣ ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ ተሰብስቧል። ያላት አንድ እጅ ነው። ብረቱን ትያዝበት ወይስ ቀሚሷን?

ልጆቹን እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ለሻይ እንኳ ብላቸው አልተቀበሉም። እናቴ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጉዳይ አለሽ ስትባል መልሷ "ይቅርብኝ" ሆኗል። እኔ ቢሮው ይውረድ ባይ ነኝ። እናንተስ?

የወረዳ ሠራተኛ

ወንድሜ፣ እናትህን ምሕረት ያውርድላት። እኔ ሌላ ወረዳ ነው የምሠራው። ግን የጻፍከውን ሳነብ የራሴን ቢሮ አየሁት።

ከውስጥ ሆኖ የሚታየውን ልንገርህ። ብዙዎቻችን ያለነው በኪራይ ሕንፃ ላይ ነው። ግራውንዱ ሱቅ ነው። የሱቅ ኪራይ ከላይኛው ፎቅ ስለሚበልጥ አከራይ ለቢሮ መስጠት አይፈልግም። ፋይሉ ደግሞ በመደርደሪያ ሙሉ ነው፣ አንዱን ክፍል አወርዳለሁ ስትል ሁሉም ተከትሎ መውረድ አለበት። በዚህ ላይ የምንጠብቀው በጀት እስኪመጣ እናትህ ይጠብቁ?

እኔ ራሴ ሁለት አዛውንቶች ቤት ሄጃለሁ። ካሜራና አሻራ መቀበያውን ይዤ፣ በላዳ። አንደኛዋ እናት ቡና አፍልተው ነው የጠበቁኝ። በአልጋቸው ላይ እንዳሉ ጨረስንላቸው። ይሄ አይሻልም? ለሰውየውም ክብር አለው። ስለዚህ ቤት ለቤት አገልግሎቱ ይጠናከር ባይ ነኝ።

ጠበቃው

ዓይነ ስውር ነኝ፣ ሥራዬ ጥብቅና ነው። እህቴ፣ አልጋ ላይ ለዋለ ሰው ያደረግሽው መልካም ነው፣ ማንም አይቃወመውም። መውጣት ለሚችልና መውጣት ለሚፈልግ ሰው ግን መልሱ እሱ አይደለም።

ሕጉን ላስቀድም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል። የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድም፣ መራመድ እየቻለ ደረጃ ለሚያቅተውም የሚሆን መግቢያ ሊኖረው ይገባል ብሏል። መጸዳጃ ቤቱንም አልረሳውም። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። እየጠየቅን ያለነው ከዓመታት በፊት ቃል የተገባልንን ነው።

ውክልናን በተመለከተ ከራሴ ልጀምር። ውክልና የሚሰጠው ሰው በአካል ቀርቦ ፈርሞ ነው። ማለትም ደረጃ ላለመውጣት ሌላ ቢሮ ሄደህ ሌላ ደረጃ ትወጣለህ። በእኔ ላይ ደግሞ የፊርማ ጣጣ ይጨመራል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 የዓይነ ስውር ፊርማ ሥልጣን ባለው ሹም ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ዓላማው እንዳንታለል ነበር። በተግባር ግን በየመስኮቱ "ምስክር ይዘህ ና" ወደሚል ልማድ ተለወጠ። አንድ ባንክ ገንዘብ ላወጣ ሄጄ ይህንኑ ተባልኩ። ይዤ የሄድኩት ሰው የጎረቤቴን ልጅ ነው። ሠራተኛዋ ሒሳቤ ውስጥ ያለውን ቁጥር ጮክ ብላ አነበበችለት። እኔ ለባለቤቴ እንኳ ያልነገርኩትን ቁጥር ሰፈሬ አወቀው።

ሰው ጉዳዩን በሌላ ሰው እጅ ሲያስጨርስ ምሥጢሩም አብሮ ይሄዳል። የፍቺ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የውርስ ሊሆን ይችላል። አቤቱታ የምታቀርበው በዚያው በሚንከባከብህ ዘመድ ላይ ሊሆንም ይችላል። ያኔ ማንን ነው የምትወክለው?

ሕንፃ መሐንዲስ

ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፣ ግን "በሙሉ" የሚለው ቃል ያስቸግረኛል።

ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፋንታ የሚሠራ ተዳፋት መወጣጫ፣ ሲባል ብዙ ሰው ደረጃው ላይ ሲሚንቶ መድፋት ይመስለዋል። የታወቀው ልክ 1 ለ12 ነው። ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ከፍታ 12 ሳንቲ ርዝመት ትሄዳለህ። አራት ደረጃ ያለው መግቢያ፣ አንዱን 15 ሳንቲ ብናደርገው፣ 60 ሳንቲ ከፍታ አለው። ስለዚህ ከ7 ሜትር በላይ ራምፕ ይፈልጋል። ፒያሳ ውስጥ በሩ እግረኛ መንገዱ ላይ ለተከፈተ አሮጌ ቤት 7 ሜትር ከየት ይመጣል? በዚህ ምክንያት የሚሠራው አጭርና ቀጥ ያለ ራምፕ ነው፣ ያውም ለመጠቀሚያ ፈቃድ፣ ማለትም ሕንፃው ሥራ እንዲጀምር ለሚሰጠው ፈቃድ፣ ብቻ ተብሎ። እንዲህ ያሉ ራምፖች ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ብቻውን ሊወጣቸው ቀርቶ ሲወርድባቸው ፊቱን ይመታል።

ለአዲስ ሕንፃ ምንም ምሕረት አያስፈልግም፣ ከዲዛይኑ ይጀመር፣ አለዚያ የመጠቀሚያ ፈቃድ አይሰጠው። ለነባሩ ግን ብልሃት ነው የሚያስፈልገው። ለምሳሌ ከፒያሳ ወደ ቸርችል ያለው አካባቢ ቁልቁለት ነው። ፊት ለፊት አራት ደረጃ ያለው ቤት በጓሮው በኩል ከመሬት እኩል ሊሆን ይችላል። ያንን በር መክፈት ምንም አያስወጣም። ደግሞ በ2017 ዓ.ም. እንደተጀመረው እንደ መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ጉዳዮች አንድ ቦታ ከተሰበሰቡ፣ መቶ ቢሮ ከማስተካከል አንዱን በደንብ ማስተካከል ይቀላል።

ባለ ዊልቸሯ፣ ከስድስት ኪሎ

መሐንዲሱ፣ የጓሮ በር ያልከው በሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል ልንገርህ። በሩ ይዘጋል። ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው። ሰውየው ምሳ ወጥቷል። ስልኩ አይነሳም። ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው አጠገብ ፀሐይ ላይ ትጠብቃለህ። እኔ ጠብቄያለሁ። የጓሮውን በር አልቃወምም፣ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ይሁን፣ ሌላውም ሰው ይግባበት። ለእኔ ብቻ የተሠራ በር ሁልጊዜ ተቆልፎ ነው የማገኘው።

አንድ ማዕከል የሚለውም ጥሩ ነው። እዚያ ድረስ በምን ልሂድ? ሚኒባስ ታክሲ ዊልቸሩን ከኋላ ለመጫን የሁለት ሰው ሒሳብ ይጠይቀኛል፣ እሱም ከቆመልኝ ነው። ወረዳዬ ግን ከቤቴ በመንኮራኩሬ የምደርስበት ነው። የእግረኛ መንገዱ በኮሪደር ልማቱ ከሰፋ ወዲህ ከስድስት ኪሎ አራት ኪሎ ብቻዬን እወርዳለሁ። ይሄን ሳልመሰክር ማለፍ አልችልም፣ ድሮ የማይታሰብ ነበር። የሚያቆመኝ የቢሮው በር ነው።

ግብር ከፋይ

አትቆጡኝ እንጂ እውነቱን እንነጋገር። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚመጣው? ስንቱ ሰው ነው ቤት የሚጠብቀው? ወረዳው በቀን አንድ ባለ ዊልቸር ቢመጣበት ነው። ለእሱ ብሎ ቢሮ ማዘዋወር ቅንጦት ነው የሚመስለኝ። ሕገ መንግሥቱም እኮ በአንቀጽ 41 አቅም በፈቀደ መጠን ነው የሚለው። ሕዝባችን ደግሞ ሰው ወድቆ አይተውም። ተሸክሞ ያወጣል።

የቀበናው ልጅ

ወንድሜ፣ አልቆጣህም። ያልከውን እኔም አስቤው ነበር። ስለዚህ አንድ ጠዋት ሄጄ ከዚያው ሕንፃ ደረጃ ሥር ተቀመጥኩ። እናቴን የመሰለ ሰው በዊልቸር አልመጣም። በዚህ አንተ ልክ ነህ። ግን ማን መጣ መሰለህ? ልጅ ያዘለች እናት መጣች፣ ሌላውን ልጅ በእጇ እየጎተተች። አንድ አባት ከዘራቸውን ተደግፈው አንደኛ ፎቅ ላይ ቆሙ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ተነፈሱ፣ እንደገና ተነሱ። እርጉዝ መጣች። እግሩ በጀሶ የታሰረ ጎረምሳ በክራንች መጣ። ሪህ ያለባቸው ሴትዮ ወረቀታቸውን ለማያውቁት ልጅ ሰጥተው "ልጄ፣ አንተ አስገባልኝ" ብለው ታች ቀሩ። ባለ ዊልቸሩ የማይመጣው ደግሞ እንደ እናቴ "ይቅርብኝ" ብሎ ነው።

መሸከምን በተመለከተ፣ የተሸከሟትን ልጆች እስክሞት አልረሳቸውም። ግን የእናቴ መታወቂያ የሚታደሰው ያን ዕለት አራት ጉልበተኛ ከተገኘ ብቻ መሆን አለበት?

ጠበቃው

አንቀጽ 41ን ስለጠቀስክ ልጨምር። "አቅም በፈቀደ መጠን" የሚለው ስለ ማቋቋምና ስለ ድጋፍ ነው። አንዲት ጠረጴዛና አንድ ኮምፒውተር ከሦስተኛ ፎቅ ማውረድ አቅም የሚያንሰው ነገር አይደለም።

መንገዱ ተስተካክሏል ለተባለውም አንድ ቃል። ለነጭ በትር የሚሆነው ሸንተረር ያለው ንጣፍ ጥሩ ነው፣ እግሬ ያውቀዋል። ነገር ግን ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ መኪና ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። ድምፅ የለውም። እኔ መንገድ የምሻገረው በጆሮዬ ነው። የማቋረጫ መብራቶች ድምፅ ቢያሰሙልን ብዙ ሰው ይተርፋል። ከጥያቄው ወጣሁ፣ ይቅርታ፣ ግን በየቀኑ የምፈራው እሱን ነው።

የፒያሳ ባለሱቅ

እኔ ደግሞ ከነጋዴው በኩል ልናገር። ሱቄ ሁለት ደረጃ አላት። አንድ ደንበኛዬ በክራንች ነው የሚመጣው፣ ሁልጊዜ በር ላይ ቆሞ ይጠራኛል። አፈርኩና ትንሽ የሲሚንቶ መወጣጫ አሠራሁ። ሳምንት ሳይሞላው የእግረኛ መንገድ ይዘሃል፣ አፍርስ ተባልኩ። አፈረስኩ። ሕጉ አንድ በኩል ሥራ ይላል፣ ሌላ በኩል አፍርስ ይላል። አሁን የላሜራ መወጣጫ አስበይጄ ከውስጥ አስቀምጫለሁ። ሲመጣ አወጣለታለሁ፣ ሲገባ እመልሰዋለሁ። ክብደቱ አያስቸግርም። ግን የባለሥልጣን ያለህ፣ የትኛው ልክ እንደሆነ አንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡን።

ሕንፃ መሐንዲስ

ያንተ ጉዳይ ትክክለኛ ቅሬታ ነው። የሚነሳ መወጣጫ ለሁለት ደረጃ ጥሩ መፍትሔ ነው፣ ከታች ጎማ አስገባለት፣ በዝናብ እንዳይንሸራተት።

መስማት የተሳናት እናት

ሁላችሁም ስለ ደረጃ አወራችሁ። እኔ ደረጃውን እሮጠዋለሁ። ከላይ ከደረስኩ በኋላ ነው ችግሬ የሚጀምረው። ስም በአፍ ነው የሚጠራው። ከንፈር አነባለሁ፣ ግን ሠራተኛው ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ ነው የሚጠራኝ። ተራዬ ያልፋል። ሁለት ጊዜ አልፎኝ "የት ነበርሽ?" ተባልኩ። በምልክት መለስኩ፣ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ የስምንት ዓመት ልጄን ከትምህርት ቤት አስቀርቼ ይዣት እሄዳለሁ። ስለ ቤት ኪራይ ክርክሬ በልጄ አፍ ነው የተከራከርኩት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋ በዲግሪ ያስተምራል፣ ተመራቂ አለ። በየክፍለ ከተማው አንድ አስተርጓሚ ይቀጠር። እስከዚያው ድረስ ቁጥር በወረቀት ይሰጠን፣ ቁጥሩም ይታይ። መስኮቱ ወረደም አልወረደም ይሄን አትርሱ።

የወረዳ ሠራተኛ

እህቴ፣ በጣም አዝናለሁ። እኛም ቢሮ በአፍ ነው የሚጠራው። ቁጥር በካርቶን ጽፎ ማንሳት ግን ነገ የምጀምረው ነገር ነው፣ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም።

ባለ ዊልቸሯ፣ ከስድስት ኪሎ

አንቺ ብልህ ሴት ነሽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሁሉ ይውረድ አልልም። ግራውንድ ላይ አንዲት ክፍል እንኳ የለችም? ፋይሉ እዚያው ላይ ይቀመጥ። አንድ መስኮት ብቻ፣ ለሁሉም ጉዳይ። ወረቀቱን ሠራተኛ ያውጣው ያውርደው። ደረጃውን እኔ ከምወጣው ወረቀቱ ቢወጣው አይቀልም?

የወረዳ ሠራተኛ

ከትናንት ጀምሮ በልቤ ሳመላልስ የቆየሁት ይህንን ጥያቄ ነው። አንድ ክፍል አለች። ከደረጃው ሥር፣ የተሰባበረ ወንበርና ጠረጴዛ የሚከማችባት። ዛሬ ከፍቼ አየኋት። መስኮት አላት፣ መብራት አላት። የበሩን ስፋት ለካሁት፣ 85 ሳንቲ ነው።

መግቢያው ላይ ሦስት ደረጃ አለ። ጥበቃው ሜትር ይዞልኝ ለካን፣ 48 ሳንቲ ሆነ።

ሕንፃ መሐንዲስ

85 በቂ ነው፣ ዊልቸር ያስገባል። 48 በ12፣ 5 ሜትር ከ76። ከላይም ከታችም ለመዞሪያ 1 ሜትር ተኩል አካባቢ ጨምሪ። ከበሩ እስከ አጥሩ ስንት ነው?

የወረዳ ሠራተኛ

ወደ 9 ሜትር። የኃላፊዎች መኪና የሚቆምበት ነው። ሰኞ ስብሰባ አለን፣ አነሳዋለሁ። ቅዳሜ መጥተህ ብታየው ግን ንግግሬ ይጠነክርልኛል።

ሕንፃ መሐንዲስ

ሦስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ጥበቃውን ንገሪልኝ።