ፒኤ ትምህርት ቤት፦ ካስፓ ላይ ጂፒኤዬ ወርዶ መጣ፣ ዛሬ ማታ ልክፈል ወይስ ልተው?

የሌሊት_ፈረቃ
ሰላም ቤተሰብ። ፒኤ (ፊዚሺያን አሲስታንት፣ ከሐኪም ጋር ሆኖ ታካሚ የሚመረምርና የሚያክም ባለሙያ) ለመማር ያመለከተ ሰው ካለ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የኮሌጄ ትራንስክሪፕት 3.1 ነው የሚለው። ዛሬ ካስፓ ማመልከቻሽ ተረጋግጧል ብሎ ኢሜይል ላከ። ገብቼ ሳይ 2.74! የሳይንሱማ 2.4። ያመለከትኩባቸው ሁሉ ዝቅተኛው 3.0 ነው ይላሉ። እኩለ ሌሊት ላይ የሚዘጉ ሁለት ትምህርት ቤቶች ልጨምር ካርዴን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ልክፈል? ስህተቱንስ በስንት ቀን ያስተካክሉታል? 11 ሰዓት ሥራ እገባለሁ።

ቡና_ቁርስ
11 ሰዓት በሐበሻ ነው በፈረንጅ?

የሌሊት_ፈረቃ
በፈረንጅ! ስሜን አታይም እንዴ?

አቤል_ሜሪላንድ
ደውዪላቸው። ኢሜይል አትላኪ፣ ደውዪ።

ጋሽ_ታዬ
ልጄ፣ አትቆጪኝና ችግሩ ቁጥሩ አይደለም። የዛሬ ልጆች ትምህርትን ከሥራ ጋር እያዳበላችሁ ሁለቱም ያመልጣችኋል። እኛ በኩራዝ እያጠናን ነው ማትሪክ የወሰድነው። መብራት በየክፍሉ እያለላችሁ ኤፍ ከየት ይመጣል? ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው መፍትሔው። ደግሞ ካስፓ የምትሉት ምንድን ነው?

የሌሊት_ፈረቃ
ጋሼ፣ እሺ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን ኤፍ አለኝ አልኩ እንዴ? ካስፓ የፒኤ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ በአንድ ላይ የሚሰበሰብበት ቦታ ነው። አንዴ ትሞላለህ፣ ለሁሉም እሱ ይልካል።

ቡና_ቁርስ
ጋሼን «ትሞላለህ» አልሻቸው 😂

የሌሊት_ፈረቃ
ውይ፣ ይቅርታ ጋሼ። እርስዎን ማለቴ አይደለም፣ በጥድፊያ ነው።

ሳምሪ_ፒኤ
ስንት ኮርስ ደግመሽ ወሰድሽ?

የሌሊት_ፈረቃ
እሱ ምን አገናኘው? አልፌያቸዋለሁ እኮ። ኮሌጁ የድሮውን ሰርዞ አዲሱን ነው የቆጠረልኝ። አማካሪዋም አይቆጠርብሽም ብላኛለች።

ሳምሪ_ፒኤ
እሱማ ነው ዋናው። ስንት ኮርስ? የመጀመሪያው ውጤት ምን ነበር? ጠቅላላ ክሬዲትሽስ?

የሌሊት_ፈረቃ
እሺ ጋሽ ታዬ አሸነፉ። ባዮሎጂ፣ ጀነራል ኬሚስትሪ ሁለቱም፣ አናቶሚ። ሁሉም ባለ 4 ክሬዲት፣ ሁሉም ኤፍ። ሁለት ሥራ ይዤ የነበረ ጊዜ ነው። ኮሌጁ የሚቆጥርልኝ 120 ክሬዲት ነው።

ነርስነት_ይሻለኛል
እህቴ ለምን ፒኤ ላይ ሙጭጭ ትያለሽ? ነርሲንግ ግቢና ከዚያ ነርስ ፕራክቲሽነር (ራሷ መርምራ መድኃኒት የምታዝ ነርስ) ሁኚ። እየሠራሽ ትማሪያለሽ፣ በመሀል ደመወዝ አለሽ። ፒኤ እኮ ከሁለት ዓመት በላይ ሥራ አቁመሽ ነው የምትማሪው። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች እየሠራችሁ አትማሩም ነው የሚሉት። የቤት ኪራዩን ማን ይከፍልልሻል?

አቤል_ሜሪላንድ
ደወልሽ?

ሳምሪ_ፒኤ
በቃ ተገኘ። ካስፓ የወሰድሽውን ሁሉ ይቆጥራል። የደገምሽው ኮርስ የመጀመሪያውም ሁለተኛውም ይገባል፣ ኮሌጅሽ ቢሰርዘውም። አስይው። 3.1 በ120 ሲባዛ 372 ነጥብ ነው። አራቱ ኤፎች 16 ክሬዲት ይጨምራሉ፣ ነጥብ ግን ዜሮ። 372 ለ136 ሲካፈል 2.74። ይኸውልሽ። ስህተት የለም፣ የሚስተካከልም የለም። ለማንኛውም እያንዳንዱን ኮርስ ከትራንስክሪፕትሽ ጋር አስተያዪው። የክሬዲት ቁጥር ተሳስቶ ከገባ ወዲያው ጻፊላቸው።

አሁን የዛሬ ማታው። የሁለቱን ትምህርት ቤቶች ድረ ገጽ ክፈቺ። ዝቅተኛው 3.0 በካስፓ ስሌት ነው የሚሉ ከሆነ አትክፈዪ። ብዙ ቦታ ከዝቅተኛው በታች ያለ ማመልከቻ ሰው እጅ ሳይደርስ ነው የሚወድቀው። ለአንድ ትምህርት ቤት ከ50 ዶላር በላይ ለካስፓ ትከፍያለሽ፣ አንዳንዱ ደግሞ የራሱን ክፍያ ይጨምርበታል። የመጨረሻ 60 ክሬዲት ውጤት ብቻ እናያለን የሚሉ፣ ወይም 2.75 አካባቢ የሚቀበሉ፣ ወይም ጭራሽ ዝቅተኛ የሌላቸው አሉ። 2.75 ከሆነ በአንድ መቶኛ አመለጠሽ፣ ያናድዳል። የመጨረሻ 60 ከሆነ ግን ክፈዪ።

ቡና_ቁርስ
ሳምሪ በካልኩሌተር መጣች። ሁላችሁም ደብተር አውጡ።

የሌሊት_ፈረቃ
አሁን ነው ያዞረኝ። አንዱ በካስፓ ስሌት 3.0 ነው የሚለው። ሌላኛው የመጨረሻ 60 ክሬዲት ይላል። እስካሁን የከፈልኩባቸውስ?

ሳምሪ_ፒኤ
የመጨረሻ 60 የሚለውን ክፈዪ፣ ያኛውን ተዪው። የከፈልሽባቸውን ገንዘቡ ሄዷል፣ አትቁጠሪው። ነገ ለእያንዳንዳቸው የቅበላ ክፍል አጭር ኢሜይል ላኪ። «የካስፓ ጂፒኤዬ 2.74 ነው፣ ኮርሶቹን ደግሜ አልፌያለሁ፣ ማመልከቻዬ ይታያል?» በቃ። ታሪክ አትጻፊ።

ጋሽ_ታዬ
የሒሳቡን ነገር ልጅቷ በደንብ አስረዳች። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ነርስነት_ይሻለኛል
አሁንም እላለሁ፣ 2.74 ይዞ ፒኤ ጊዜ ማቃጠል ነው።

ዲሲ_ልጅ
አንቺ ደግሞ ነርሲንግ በነጻ የሚታደል አስመሰልሽው። በሌላ ትምህርት ዲግሪ ላለው ሰው የሚሆነው የተፋጠነ ነርሲንግም ብዙ ቦታ 3.0 ይጠይቃል። ሞክሬ ነው የማወራው።

ሳምሪ_ፒኤ
ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ይቺን ያዢ። እንደ ዕዳ አስቢው። 136 ክሬዲት በ3.0 ቢሆን 408 ነጥብ ነበር። ያለሽ 372። ዕዳሽ 36 ነው። ኤ ያገኘሽበት እያንዳንዱ ክሬዲት 1 ይከፍላል። ኤ ማይነስ 0.7 ይከፍላል። ቢ ምንም አይከፍልም፣ ሲ ዕዳ ይጨምራል። ስለዚህ 36 ክሬዲት ኤ በኤ። ከሥራ ጋር በሴሚስተር ሁለት ኮርስ ብትይ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። የሳይንሱ ክሬዲት ትንሽ ስለሆነ እሱ ከዋናው ቶሎ ይነሳል።

ከዲግሪ በኋላ የወሰድሽውን ካስፓ ለብቻው አስልቶ ያሳያል። አንባቢው የድሮዋን አንቺንና የአሁኗን ለያይቶ ያያል። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ኖቫ (የሁለት ዓመት ኮሌጆች) ብትማሪ ርካሽ ነው፣ ብዙ ትምህርት ቤት ይቀበላል። ጥቂቶቹ ግን የአራት ዓመት ኮሌጅ ይፈልጋሉ፣ ቀድመሽ ጠይቂ። ማይክሮባዮሎጂ፣ ጄኔቲክስ፣ ባዮኬሚስትሪ ውሰጂ። ያለፍሽውን አናቶሚ ለሦስተኛ ጊዜ እንዳትወስጂ።

ደግሞ ሥራሽን አልነገርሽንም።

የሌሊት_ፈረቃ
ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ነኝ፣ ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን ቤት። ቆይቻለሁ፣ ሙሉ ሰዓት ነው። እሱ ይጠቅማል እንዴ? ዳይፐር ነው እኮ የምቀይረው።

ሳምሪ_ፒኤ
እንዴ! ይህን ነው መጀመሪያ መጻፍ የነበረብሽ። ሙሉ ሰዓት ማለት በዓመት 2,000 ሰዓት ገደማ ነው፣ ያውም በእጅሽ ታካሚ እየነካሽ። አንዳንድ ትምህርት ቤት የሚጠይቀውን 1,000 ሰዓት የታካሚ እንክብካቤ ለማሟላት የሚሯሯጥ ስንት ባለ 3.8 አለ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አንዷ አሮጊት አተነፋፈሳቸው ተለውጦብሽ ነርሷን ጠርተሽ አታውቂም? የደም ኦክስጅን (ሳቹሬሽን) ቁጥር አንብበሽ አልተናገርሽም? የግል ጽሑፍሽ ላይ እሱን ጻፊ። ቦታው 5,000 ፊደል ነው፣ ክፍት ቦታው ጭምር ይቆጠራል። ስለ ኤፎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ምክንያቱን ተናገሪና እለፊ፣ አትለማመጪ።

ቡና_ቁርስ
በሐበሻ 9 ሰዓት ነው አይደል ሳምሪ?

ሳምሪ_ፒኤ
በሐበሻ 🙄

ጎንደር_አትላንታ
ይቅርታ በመሀል ገባሁ። እኔ ጎንደር ጤና መኮንን ተመርቄ ወረዳ ላይ ስሠራ ነበር። እዚህ ኡበር ነው የምነዳው። ፒኤ የሚሠራውን ሳይ ያው የእኛው ሥራ ነው። ፈተናውን ብቻ ተፈትኜ መግባት ይቻላል?

ሳምሪ_ፒኤ
አይቻልም ወንድሜ። ፓንስ የሚባለውን የፈቃድ ፈተና የሚቀመጠው እዚህ አገር ዕውቅና ያለው ፒኤ ፕሮግራም የጨረሰ ብቻ ነው። የውጭ ሐኪምም ቢሆን ያው ነው። አንተ ዲግሪህን ደብሊውኢኤስ (የውጭ አገር ትምህርት ማስረጃ የሚገመግም ድርጅት) ላይ አስገምግም። የውጭ አገር ኮርስ ካስፓ ጂፒኤ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ እዚህ የምትወስዳቸው የመግቢያ ኮርሶች ናቸው ጂፒኤህ የሚሆኑት። የድሮ ውጤትህ ደካማ ከነበረ ይህ ለአንተ ዕድል ነው። የወረዳውን ሥራህን ግን በደንብ ጻፈው፣ እንደ ታካሚ እንክብካቤ ልምድ ሊቆጠርልህ ይችላል። ትምህርት ቤቱን ጠይቅ።

ጎንደር_አትላንታ
እግዜር ይስጥልኝ። ጎንደር ጤና መኮንን ማሠልጠን የጀመረው በ1954 ነው፣ በፈረንጅ። ዱክ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የፒኤ ፕሮግራም የከፈተው በ1965። ማን ቀደመ?

ቡና_ቁርስ
ይኸው፣ ጎንደሬ ሳይፎክር አይሄድም።

አቤል_ሜሪላንድ
ግን ደወለች?

ዲሲ_ልጅ
አቤል፣ ምን ብላ ትደውል? ስህተት የለም ተባለ እኮ። የሌሊት_ፈረቃ፣ እናትሽ ማኅበር ላይ ዶክተር ልትሆን ነው ብለው ካላወጁ ሁለት ዓመት ቀላል ነው። ካወጁ አዝናለሁ። በቁምነገር ግን በሚቀጥለው ዙር እስከ መዝጊያው ቀን አትጠብቂ። ካስፓ ሚያዝያ መጨረሻ አካባቢ ይከፈታል። ብዙ ትምህርት ቤት ማመልከቻ በመጣ ቁጥር እያየ እየጠራ ነው የሚሞላው፣ በመጨረሻው ሳምንት የገባ የተረፈውን ወንበር ነው የሚሻማው። ፕሮግራሙ ዕውቅናው ሙሉ ነው ወይስ በማስጠንቀቂያ ላይ የሚለውንም እይ።

የሌሊት_ፈረቃ
ሁላችሁም ተባረኩ። የ60 ክሬዲቱን ልከፍል ነው። ሰዓቴ ደረሰ።

ነርስነት_ይሻለኛል
ክፍያው አለፈልሽ? ያልኩሽን ግን አስቢበት።

ሄለን_ቪኤ
ያገለገለ የጂአርኢ (የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና) መጽሐፍ አለኝ፣ አንድም ገጽ አልተጻፈበትም። 20 ዶላር። አሌክሳንድሪያ መጥቶ የሚወስድ?

ዲሲ_ልጅ
ሳይከፈት ያገለገለ መጽሐፍ መቼም አይቼ አላውቅም። ብዙ ትምህርት ቤት ጂአርኢ አይጠይቅም አሁን፣ ገዢዎች መጀመሪያ አጣሩ።

ሄለን_ቪኤ
እሺ 10።